የሌለው ዳይሬክተርና ያለን ዳይሬክተር

 

የፊልም ክበቡ ወጣቶች ወደዚህ መድረክ ሲጋብዙኝ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። አንድ የኒውዚላንድ ፊልም አብረው አይተዋል። ፊልሙ ታሪክ የረሳውን አንድ ታላቅ የሲኒማ ሰው ሕይወት ይተርካል። ግማሾቹ ሰውየው በእርግጥ የነበረ መስሏቸው ስለ እሱ ተጨማሪ ሲፈልጉ አመሹ፤ ግማሾቹ ሁሉም የተፈጠረ መሆኑን ሲረዱ ተናደዱ። ከዚያ «እንዲህ ያለ ፊልም መሥራት ተገቢ ነው ወይ? እኛንስ ምን ይመለከተናል?» ብለው ጻፉልኝ። ጥያቄው በጣም ይመለከተናል ብዬ ስለማምን በደስታ መጣሁ።

የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለት ዳይሬክተሮች ነው። አንደኛው ፈጽሞ ያልነበረ ሰው ነው። ሁለተኛው የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። በሁለቱ መካከል የአገራችንን ታሪክ የነካ አንድ የቴሌቪዥን ፊልምና አንድ መጽሐፍ አነሣለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።

እንግዲህ ካልነበረው ሰው ልጀምር። እሑድ ኦክቶበር 29 ቀን 1995 ማታ የኒውዚላንድ ቴሌቪዥን «ፎርጎተን ሲልቨር» የሚባል ፊልም አሳየ። የሠሩት ፒተር ጃክሰንና ኮስታ ቦትስ ናቸው። ጃክሰን በኋላ «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን የሠራው ያው ሰው ነው። ፊልሙ ሲጀምር ጃክሰን ራሱ ካሜራው ፊት ቆሞ ያወራል፤ ከጓሮ ወዳለች አሮጌ መጋዘን እየመራ ይወስደናል። እዚያ አንድ ሣጥን አለ፤ ውስጡ አቧራ የጠጣ ጥቅል ፊልም ሞልቶበታል። የማን ነው ሲባል፣ ኮሊን ማኬንዚ የሚባል የተረሳ ሊቅ ሥራ ነው ይለናል። ማኬንዚ ከሆሊውድ በፊት ድምፅ ያለው ፊልም ሠራ፤ ከሁሉ ቀድሞ በቀለም ቀረጸ፤ በጫካ መካከል አንድ ሙሉ የጥንት ከተማ ገንብቶ ግዙፍ ፊልም ጀመረ፤ በመጨረሻ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ካሜራውን እንደያዘ ሞተ፤ እየተባለ ይተረካል።

ከዚህ ሁሉ አንዲቱን ትዕይንት ቀርበን እንያት፤ ጥበቡ ያለው እዚያ ነውና። የደበዘዘ፣ የተቧጨረ ፊልም ላይ አንድ ገበሬ በራሱ እጅ በሠራው አውሮፕላን ከመሬት ይነሣል። ገበሬው ሪቻርድ ፒርስ ነው ይሉናል። ተራኪው ቀረጻው መቼ እንደተነሣ ለማረጋገጥ ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው ከቆሙት ሰዎች በአንዱ ኪስ ውስጥ ብቅ ያለ ጋዜጣ አለ ይላል። በኮምፒውተር ያጎላዋል፤ እንደገና ያጎላዋል፤ በመጨረሻ ቀኑ ይነበባል፦ ማርች 1903። የራይት ወንድማማቾች የበረሩት በዚያው ዓመት በዲሴምበር ነው። ስለዚህ ዓለምን የቀደመው የኒውዚላንድ ገበሬ ሆነ ማለት ነው!

አሁን ልብ በሉ። ሪቻርድ ፒርስ በእውን የነበረ ሰው ነው። ገበሬ ነበር፤ አውሮፕላንም ሠርቷል፤ ከራይት ወንድማማቾች በፊት በርሯል ብለው የሚከራከሩ የአገሩ ሰዎች ከጥንትም አሉ። ውሸቱ የተቀመጠው ሰው አስቀድሞ በሚያውቀውና በሚወደው እውነት ላይ ነው። ከዚያ የታወቁ ሰዎች እየቀረቡ ምስክርነት ሰጡ፤ ተዋናዩ ሳም ኒል ተናገረ፤ አሜሪካዊው የፊልም ተንታኝ ሊዮናርድ ማልቲን አደነቀ። ማኬንዚን ሆኖ የተጫወተው ወጣት ቶማስ ሮቢንስ ይባላል፤ «አሮጌው» ፊልም ሁሉ ለዚሁ ሥራ የተቀረጸና ሆን ተብሎ እንዲያረጅ የተደረገ ነው።

ሕዝቡ አመነ። አንዳንዱ ቤት ውስጥ አገራዊ ኩራት ሆነ። ነገሩ ፈጠራ መሆኑ ወዲያው ይፋ ሲደረግ ብዙው ሳቀ፤ ጥቂት ያልሆነው ግን ተቆጥቶ ለጋዜጦች ደብዳቤ ጻፈ። ቁጣቸው ይገባኛል። ከዓለም ዳር ያለች ትንሽ አገር «እኛም ቀድመን ነበር» የሚላትን ሰው ስትጠብቅ ኖራለች፤ የሚጠበቀው ሰው በሩን ሲያንኳኳ ደግሞ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም።

ወጣቶች፣ የመጀመሪያውን ነጥብ እዚህ ላይ ያዙልኝ። ተመልካቹን ያሳመኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሚታመን ፊት፣ የማሽን ማስረጃ፣ በመካከል የተቀላቀለ እውነት። ከሦስቱ በላይ ግን የራሱ የተመልካቹ ጉጉት አለ። ዛሬ ከአገር ቤት በስልካችን የሚደርሱንን ቪዲዮዎች በእነዚሁ መዝኗቸው። የሌላ አገር ጦርነት፣ የሌላ ዓመት ጎርፍ፣ ዛሬ እኛ ቀበሌ የሆነ ተደርጎ ይመጣል። የምናስተላልፈው ልባችን የፈለገውን ስለነገረን ነው። እናቶቼ፣ ይህን የምለው ለወጣቶቹ ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ላይ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያስደነግጠው መልእክት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከኛ ከትልልቆቹ ስልክ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ነገር እንዳይመስላችሁ የኛኑ ሚኒሶታ ላንሣ። የፊልም ዳይሬክተሮቹ ወንድማማቾች ጆኤልና ኢታን ኮኤን ያደጉት እዚሁ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ነው። በ1996 የወጣው ፊልማቸው «ፋርጎ» ሲጀምር፣ ታሪኩ በ1987 በሚኒሶታ በእውን የተፈጸመ መሆኑን፣ ለሟቾች ክብር ሲባልም ልክ እንደሆነው እንደቀረበ የሚገልጽ ጽሑፍ ያሳያል። ታሪኩ ግን የተፈጠረ ነው፤ ከእውነተኛ ወንጀሎች የተወሰደው ጥቂት ፍንጭ ብቻ ነው። በ2001 ደግሞ የአንዲት ጃፓናዊት ወጣት አስከሬን ዲትሮይት ሌክስ አጠገብ ተገኘ። ፊልሙ ውስጥ በበረዶ የተቀበረውን ገንዘብ ፍለጋ መጥታ ሞተች ተብሎ በዓለም ተወራ። በኋላ ጉዳዩን የመረመረ ዘጋቢ ፊልም ይህም አለመግባባት የወለደው ወሬ መሆኑን አሳየ። የልጅቱ ኀዘን የራሷ ነበር፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ ይዞራል። አንድ የተፈጠረ ታሪክ እውነት ነኝ ሲል፣ ከሞተች በኋላ እንኳ ሕይወቷን የሚቀማት ሰው አገኘ።

ሁለተኛው ነጥቤ የራሳችን ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ብናገር ይቅር በሉኝ።

በመካከላችሁ ያላችሁ ታላላቆቻችን መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታን ታስታውሳላችሁ። የእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር ጎረቤት ከጎረቤት ተሰብስቦ ነበር የሚያየው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳይቶ ነበር። ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ በመካከሉ ሌላ ምስል አስገባበት፤ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሠርግ ኬክ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። አጥንቱ የወጣ ሕፃን ይታያል፤ ቀጥሎ ኬኩ ይታያል። ተመልሶ ሕፃኑ ይመጣል። በማግሥቱ መስከረም 2 ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

በዚያ ማታ ከታየው ምስል ውስጥ ተዋናይ የተጫወተው አልነበረም። ረሃቡ እውነት ነበር፤ በወሎና በትግራይ የሞተው ሕዝብ እውነት ነበር፤ መደበቁም እውነት ነበር፤ ይህን ማንም እንዲያቃልል አልፈልግም። ግብዣውም ተደርጓል። ኬኩን ከሕፃኑ ጎን ያስቀመጠው ግን መቀስ ነው። ያ ሕዝብ በእውነተኛ ምስሎች ተመርቶ የዙፋኑን መውደቅ በእልልታ ተቀበለ፤ መቀሱን የያዘው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደያዘው የጠየቀ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከናንተ ብዙዎቻችሁ ሱዳንን ያቋረጣችሁት በዚያው ምክንያት ነው።

መጽሐፉ ደግሞ ይህ ነው። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ በ1978 ስለ አፄ ኃይለ ሥላሴ ውድቀት መጽሐፍ አሳተመ። ተናጋሪዎቹ የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው በፊደል ብቻ ይጠቀሳል። ንጉሠ ነገሥቱ የማያነቡ ሰው ናቸው ይላል፤ የትንሿን ውሻቸውን የሉሉን ሽንት ከመኳንንቱ ጫማ ላይ መጥረግ ብቻ ሥራው የሆነ አገልጋይ ነበር ይላል። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተረጎመ፤ በየዩኒቨርሲቲው ስለ ኢትዮጵያ እውነተኛ ዘገባ ተብሎ ተነበበ። ኢትዮጵያን የሚያጠኑ ምሁራን ግን ብዙው ነገር ከእውነት ጋር እንደማይገጥም ጽፈዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው የሚያነቡ ሰው እንደነበሩ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በ2010 የራሱ አገር ሰው አርተር ዶሞስላቭስኪ በጻፈው የሕይወት ታሪክ ላይ ካፑሽቺንስኪ ዘገባንና ፈጠራን እንዴት ያቀላቅል እንደነበር አደባባይ አወጣ። ለመጽሐፉ የሚከራከሩ ደግሞ ዓላማው በኢትዮጵያ ስም የፖላንድን የኮሚኒስት መንግሥት መተቸት ነበር ይላሉ። ይሁን። ለፖላንዶች ይህ ጥበብ ነው። የኛ ቤተ መንግሥት፣ የኛ አያቶች፣ የኛ ስም ግን የሌላ ሰው ምሳሌ መናገሪያ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ለወጣቶቹ ጥያቄ መልሴ ይኸውላችሁ። ፈጠራ መፍጠር ነውር የለበትም። በ1996 ቼሪል ዱንዬ የተባለች በላይቤሪያ ተወልዳ ፊላደልፊያ ያደገች ዳይሬክተር «ዘ ወተርሜሎን ውመን» የሚል ፊልም ሠራች። በድሮው የአሜሪካ ሲኒማ ስማቸው እንኳ ሳይመዘገብ ያለፉትን ጥቁር ሴቶች ልትተርክ ስትነሣ መዝገቡን ባዶ አገኘችው። ስለዚህ አንዲት ተዋናይት ከነፎቶግራፎቿ ፈጠረች፤ በፊልሙ መጨረሻም ፈጠራ መሆኑን በግልጽ ጻፈች። የኒውዚላንዶቹም ሥራቸው ይፋ ሲሆን አልካዱም። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። «ፈጠርሁት» ብሎ የሚናዘዝ ፈጠራ ተመልካቹን ያነቃል፤ የማይናዘዘው ግን ሕዝብ ይገዛበታል። በመስከረም 1 ማታው ላይም ሆነ በመጽሐፉ ላይ ኑዛዜ አልነበረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዳይሬክተር መጣን፤ ዛሬ ለመናገር የፈለግሁት ዋናው ነገርም ይኸው ነው።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ቄስ፣ አስተማሪና የቴአትር ጸሐፊ ነበሩ፤ የጎንደርን አርበኞች ታሪክ «ጎንደሬ በጋሻው» ብለው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ልጁ እንግዲህ ቤት ውስጥ የአርበኛ ታሪክ እየሰማ፣ ሲኒማ ቤት ገብቶ ታርዛንን ያይ ነበር። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ሲናገሩ እንደተሰማው፣ አፍሪካውያኑ ከኋላ ሲመጡበት የጎንደር ልጆች ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮሁ ነበር። ይህን አስቡት። የአርበኛ ልጆች ለነጩ ሰው ወግነው፣ የራሳቸውን መልክ ያለውን ሰው ጠላት አድርገው ይጮሃሉ። ሲኒማ ምን ማድረግ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። የኒውዚላንዱ ፊልም አንድ ማታ ነው ያታለለው፤ ታርዛን ልጅነትን በሙሉ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ቺካጎ መጥተው ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግረው ዩሲኤልኤ ፊልም ተማሩ። እዚያ ከቻርልስ በርኔት፣ ከጁሊ ዳሽና ከሌሎች ጥቁር ተማሪዎች ጋር የሠሩት ሥራ ዛሬ «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» በሚል ስም በሲኒማ ታሪክ ይጠራል። በዚያ ዘመን የሠሩት «ቡሽ ማማ» ሲጀምር ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ያ ትዕይንት አልተጻፈም፤ ተዋናይም የለበትም። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ቀረጻ ላይ የነበሩትን እሳቸውንና ባልደረቦቻቸውን በእውን ሲፈትሽ ካሜራው ይሠራ ነበር፤ እሳቸውም ለፊልሙ መግቢያ አደረጉት። ውሸቱን እውነት ለማስመሰል ሲደከም ያየነው ቅድም ነበር። እዚህ እውነቱ ራሱ መጥቶ ፈጠራው ውስጥ ገባ።

በ1974 አገር ቤት ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። ጊዜውን ከቅድሙ ጋር አያይዙልኝ፤ ንጉሡ የሚወርዱበት፣ ደርግ ገና ያልጠነከረበት ወቅት ነው። ቀረጻው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው የፈጀው። በጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛ፣ ከባለ ርስቱ ሥር ያለን አንድ የገበሬ ቤተሰብ ይከተላል። ከጥማዱ ኋላ የሚሄደው ሰው እግር፣ የጭቃው ድምፅ፣ የልጅቱ ዝምታ እንዳለ ሳይቸኮል ይታያል። ከበበ የሚባል የቀድሞ ዘማች አለ፤ መሬቱን የተነጠቀ፣ ሰው እብድ የሚለው፤ እውነቱን የሚናገረውም እሱ ነው። አንድ ተቋም ለሥልጣን ሲል የገበሬውን ረሃብ በመቀስ ሲቀጥል፣ አንድ ወጣት ዳይሬክተር ያንኑ ገበሬ ሳይቸኩል ቆሞ ተመለከተው። ይህ ፊልም በማርቲን ስኮርሴዚ የዓለም ሲኒማ ፋውንዴሽንና በቦሎኛ ሲኒማ ቤተ መዛግብት ታድሷል። የኛን ፊልም ከጥፋት ያዳነው የጣልያን ቤተ ሙከራ መሆኑ ያስመሰግናቸዋል፤ እኛን ደግሞ ሊያሳስበን ይገባል።

«ሳንኮፋ» በ1993 ሲወጣ የሚያከፋፍልላቸው የአሜሪካ ኩባንያ አጡ። ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆነው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ከተማ ከከተማ ሰውን እየጠሩ ራሳቸው አሳዩት። ዋሽንግተን፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ለረጅም ዘመን ካስተማሩበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው የመጻሕፍት መደብራቸው ስሙን ከዚያ ፊልም ወሰደ። በ1994 ከማን ጋር ኢትዮጵያን ዞረው ዘጋቢ ፊልም እንደሠሩ ልንገራችሁ? ከካፑሽቺንስኪ ጋር ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ካሜራው የኛ ሰው እጅ ላይ ነበር። በ1999 የዐድዋን ድል ፊልም ሠሩ። በ2008 «ጤዛ» በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት ወሰደ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮን የወርቅ ፈረስ አመጣ። ያ ሽልማት በአፍሪካ ሲኒማ ከፍተኛው ነው።

እኚህን ሰው ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን? ወጣቶቹ የማኬንዚን ስም ሲፈልጉ ማምሸታቸውን ስሰማ ጉጉታቸው ደስ አሰኘኝ። ያ ጉጉት ለኃይሌ ገሪማም ይድረሳቸው ነው የምለው። የሕይወታቸው ታሪክ ለብዙ ልጆቻችን ምስጢር የሆነው የተደበቀ ነገር ስላለበት አይደለም። ቤታችን ውስጥ ስላላነሣነው ነው።

እዚሁ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ሰንትራል አቬኑ ላይ ያለውን ሃይትስ ቲያትርን ሁላችሁም ታልፉበታላችሁ። በ1926 የተከፈተ ነው፤ እስከ ዛሬ ፊልም ያሳያል፤ ጥንታዊው ኦርጋን እንኳ ይጫወታል። ይህ ቤት የቆየው ሰዎች ታሪኩን ቆጥረው፣ ገንዘብና ጉልበት አውጥተው ስለ ጠበቁት ነው። የኛ መዝገብ ግን የት ነው ያለው? ቤዝመንታችን ውስጥ፣ በካርቶን። የሱዳን ካምፕ ፎቶ፣ የመጀመሪያው ሠርግ፣ ቤተ ክርስቲያን የተባረከበት ቀን፣ መናፈሻ ውስጥ የተከበረ እንቁጣጣሽ፤ ሁሉም ቪኤችኤስ ካሴት ላይ ነው። ጀርባው ላይ አንዳንዱ «የእማዬ» ይላል፤ አንዳንዱ ምንም አይልም። ካሴት ደግሞ አይጠብቅም፤ መግነጢሱ እየላላ ምስሉ ይጠፋል። የመጨረሻው የታወቀ የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረት ያቆመው በ2016 ነው። ማጫወቻው ሳያልቅ ይህ ሥራ መሠራት አለበት።

ስለዚህ ይህን እለምናችኋለሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ካሴታችሁን ለልጆቻችሁ ስጡ። ልጆች፣ ወደ ዲጂታል ከመገልበጣችሁ በፊት ከወላጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት፤ ማን እንደቀረጸው፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ከካሜራው ውጭ ማን እንደነበረ ጠይቁና ጻፉ። ያላወቃችሁትን «አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ፤ አሳምራችሁ አትሙሉት። የሚኒሶታ ታሪክ ማኅበር ሴንት ፖል ላይ የስደተኞችን ቃለ ታሪክ ይሰበስባል፤ ከጥቂት ቃለ መጠይቅ በኋላ እዚያ ሄዳችሁ ማነጋገር ትችላላችሁ። ክበቡም ክረምቱን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ለማሳየት አስቧል። በዚያ ቀን አገር ቤት ያረሳችሁ፣ ያጨዳችሁ አባቶች ከፊት ወንበር ተቀመጡልን፤ ፊልሙ ሲያልቅ ወጣቶቹ የሚጠይቁት እናንተን ነው። ስማችሁን ዛሬውኑ በር ላይ ላለችው ልጅ አስመዝግቡ።